በዕዳ የተያዘ ዋንጫ

የሰፈራችን ቡድን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለዚህ ማዕረግ የበቃሁት ሒሳብ ስለምችል ሳይሆን ኳስ ስለማልችል ነው። በ1988 ክረምት ጓደኞቼ ሳያስቀይሙኝ ከሜዳ የሚያስወጡበት ዘዴ ቢያጡ አንድ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር አስታቀፉኝ። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሳሙና ለማሊያ፣ 1.75። ሎሚ ለእረፍት፣ 0.50። ኳስ ማሰፊያ፣ 2.00። ለዳኛ ለስላሳ፣ 1.50።» የመጨረሻዋ ወጪ ላይ አምበላችን በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት አድርጎባታል። ግጥሚያውን ተሸንፈን ነበር።

በዚያው ክረምት መጨረሻ ስምንት የሰፈር ቡድኖች የተወዳደሩበትን ዋንጫ በላን። ዋንጫው ወርቅ የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ጆሮው ገና ከሸላሚው እጅ ስንቀበለው ጎብጦ ነበር። ቤታችን ያደረው ግን አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከልምምድ በኋላ ዳቦና ሻይ በዱቤ የምንበላባቸው፣ የመመዝገቢያውንም ገንዘብ ያበደሩን ባለ ሱቅ ነበሩ። እትዬ እንላቸዋለን። ደብተሬ ላይ የእርሳቸው ድምር 85 ብር ደርሷል። አንድ ቀን እትዬ ዋንጫውን ለማየት እንደሚፈልጉ ነገሩን፤ ወሰድንላቸው፤ አገላብጠው አዩትና ከሻማውና ከክብሪቱ መካከል መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

«እትዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ያውሱን፣ ፎቶ ልንነሳበት ነው» ብሎ አምበላችን ለመናቸው።

«ብሩን አምጡና ውሰዱት፤ እኔ እንደሁ በእርሱ ሻይ አልጠጣበት» አሉ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ፣ ዛሬ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ፣ አንድ ምሽት ስለ ጥንታዊ የእግር ኳስ ውድድሮች ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ ነው። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩት ስለ ድሉ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ዓይኔ አንድ ቁጥር ላይ ቀረ፦ 40 ፓውንድ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከሻይ ነው። ለብዙዎቻችን ሊፕተን ማለት በክር ተንጠልጥላ የምትመጣ ቢጫ ወረቀት ያላት ሻይ ናት፤ ከጀርባዋ ሰው መኖሩን የሚያስብ ጥቂት ነው። ቶማስ ሊፕተን በግላስጎው ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ በ1871 በዚያው ከተማ የመጀመሪያ የምግብ ሸቀጥ ሱቁን የከፈተ ነጋዴ ነበር። ማስታወቂያ ያውቅበታል። ለገና በዓል ግዙፍ አይብ ከአሜሪካ አስመጥቶ በውስጡ የወርቅ ሳንቲም ደብቆ ቆራርጦ የሸጠ ሰው ነው፤ ሕዝቡ ለሳንቲሙ ሲል አይቡን ተሻማበት። ቆይቶ በሲሎን የሻይ እርሻዎች ገዛና ከእርሻው እስከ ማፍያው ያለውን መንገድ ሁሉ በእጁ አደረገ። ሀብቱ ሲገነፍል ወደ ጀልባ እሽቅድምድም ዞረ። ታዋቂውን የአሜሪካ የጀልባ ዋንጫ ለመውሰድ ከ1899 እስከ 1930 አምስት ጊዜ ሞክሮ አምስቱንም ተሸነፈ። ለራሱ የሚመኘውን ዋንጫ ያላገኘ ሰው ለሌሎች ዋንጫ ሲያድል ኖረ ማለት ነው። በ1905 ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ አንድ ሰጠ፤ ተጫዋቾቹ የአገሩ ተወላጆች ብቻ እንዲሆኑ ቅድመ ሁኔታ አስገብቶ። በ1909 ደግሞ ለጣሊያኗ ቱሪን።

የቱሪኑ ውድድር የሰር ቶማስ ሊፕተን ዋንጫ ይባላል። አራት ቡድኖች ነበሩ። ከጀርመን የስቱትጋርቱ ስፖርትፍሮይንደ፣ ከስዊዘርላንድ ዊንተርቱር፣ ከአዘጋጇ ከተማ የቶሪኖና የዩቬንቱስ ተጫዋቾች የተደባለቁበት ቡድን። ዊንተርቱር ያለፈው ዓመት፣ የ1908፣ የአገሩ ሻምፒዮን ነው፤ ቀላል ቡድን እንዳይመስላችሁ። አራተኛው ከእንግሊዝ መምጣት ነበረበት። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ እንዳልነበረ ይነገራል። ስለዚህ የመጣው ዌስት ኦክላንድ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ ያለ የከሰል ቆፋሪዎች መንደር ቡድን።

ለምን እነርሱ? እዚህ ላይ አንድ ተረት አለ። የሊፕተን ሰዎች ዉሊች አርሰናልን፣ የዛሬውን አርሰናል፣ ሊጋብዙ ሲሉ፣ የሁለቱም ክለቦች ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር W.A. ስለሆነ ደብዳቤው ተሳስቶ ዌስት ኦክላንድ ደረሰ ይላል። ተረቱ ይጥማል፤ እኔ ግን አላመንኩትም። የዚያን ጊዜው አርሰናል በአንደኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት፣ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ነው፤ ሊጉን በሚያዝያ ወር አቋርጦ ቱሪን የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ተረቱ አንድ ነገር በዘዴ ይሰርቃል፤ ቆፋሪዎቹ በስህተት እንጂ በችሎታቸው አልተጠሩም ይላል። እነርሱ የሚጫወቱበት የሰሜኑ ሊግ ከ1889 ጀምሮ የነበረ ጠንካራ የአማተሮች ሊግ ነው። ጎረቤታቸው ቢሾፕ ኦክላንድ የእንግሊዝን የአማተር ዋንጫ በታሪኩ 10 ጊዜ ወስዷል። በዚያ አካባቢ ኳስ የሚችል ሰው ለማግኘት ስህተት አያስፈልግም ነበር።

አማተር የሚለውን ቃል ሥሩን ብትከተሉት ወደ ላቲን ይወስዳችኋል፤ ወዳጅ፣ አፍቃሪ ማለት ነው። ለፍቅር የሚጫወት። ያማረ ቃል ነው፤ ችግሩ ፍቅሩ ወጪ አለው። በእንግሊዝ ይህን ሐሳብ ያከበሩት ቅዳሜ ከሰዓት ቢጫወቱ የሚጎድልባቸው ነገር የሌለ የጨዋ ልጆች ነበሩ። የደርሃም ቆፋሪ ግን የሚከፈለው ባወጣው ከሰል ቶን ልክ ነው። ጉድጓድ ካልወረደ ገንዘብ የለም። የሚቆፍርበትን ቦታ እንኳን በየሦስት ወሩ በዕጣ ነበር የሚያገኘው፤ ልክ እንደ ዕቁብ፣ ለስላሳው ድንጋይ የደረሰው ይስቃል፣ ጠጣሩ የደረሰው ሦስት ወር ያዝናል። እንዲህ ያለ ሰው ለኳስ ሲል ከሥራ ሲቀር የጠፋው የቀን ገቢ የማን ዕዳ ነው? ይህ ጥያቄ በ1895 የእንግሊዝን ራግቢ ለሁለት ከፍሎታል። በሃደርስፊልድ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡት የሰሜን ክለቦች ለተጫዋቹ የቀረበትን ደመወዝ እንክፈል ቢሉ አይሆንም ተባሉና ተገነጠሉ። እግር ኳስ ቀደም ብሎ፣ በ1885፣ ክፍያን ፈቅዷል፤ አማተር ሆነው የቀሩት ክለቦች ግን ሒሳቡን ከራሳቸው ኪስ ማወራረድ ነበረባቸው።

የዌስት ኦክላንድ ልጆችም እንደዚያው አደረጉ። መንደሩ እስከ ዛሬ እንደሚተርከው፣ ለመንገዱ ገንዘብ ለማግኘት ከቤታቸው ዕቃ የሸጡና ያስያዙ ነበሩ። እኔ በደብተሬ ልምድ ይህን አምናለሁ። ቡድን ገንዘብ ሲያጣ መጀመሪያ የሚጠፋው የአንዱ እናት የማታየው ዕቃ ነው።

ወሩንም አስቡት። ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት አጋማሽ 1909፣ በዚያው አውራጃ በዌስት ስታንሊ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ 168 ሰዎችና ልጆች አልቀዋል። በአንድ ከሰዓት። በደርሃም መንደሮች ውስጥ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ያልቀበረ ስንት ሰው እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። እነዚያ ተጫዋቾች ሻንጣቸውን ይዘው ባቡር ጣቢያ ሲቆሙ ከኋላቸው የቀረው ይህ ነው።

ወደ ቱሪን የሚወስደው የባቡር መንገድ ከፈረንሳይ በኩል ከ1871 ጀምሮ የአልፕስን ተራራ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ዋሻ ያቋርጣል። በዚያ በኩል ሄደው ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጠው፣ መስኮት እያዩ፣ ምንም ሳይቆፍሩ ከመሬት በታች አለፉ ማለት ነው። ዋሻውን ቆፋሪ ዓይን እንዴት እንደሚያየው ማወቅ እፈልግ ነበር። እገምታለሁ፤ ድጋፉን፣ ጣሪያውን፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቦታ ሳያስቡት ይቆጥራሉ።

በግማሽ ፍጻሜው ስቱትጋርትን 2 ለ 0 አሸነፉ። በሌላው በኩል ዊንተርቱር የቱሪኑን ድብልቅ ቡድን 2 ለ 1 ጥሎ አለፈ። ፍጻሜው ሰኞ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1909 ተደረገ፤ ዌስት ኦክላንድ 2፣ ዊንተርቱር 0። ሰኞው የፋሲካ ማግስት ነው። ስለ ቀኑ አንድ ነገር ከነከነኝና በወረቀት አሰላሁት፤ በዚያ ዓመት የእነርሱ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ በአንድ እሑድ ውሏል። በእኛ ሚያዝያ 3 ቀን 1901። ከሰል ቆፋሪዎቹ ቱሪን ውስጥ ዋንጫ ሲያነሱ፣ በአፄ ምኒልክ አገር ሰው ዶሮውን በልቶ በማግስቱ እየተጠያየቀ ነበር። ለታሪኩ ምንም አይጨምርም። ግን ደስ አለኝ።

የሚጨምር ነገር ከፈለጋችሁ ቃላቱን ተመልከቱ። በዚያው በ1909 የጣሊያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ስሙ ውስጥ የነበረውን የእንግሊዝኛ ቃል አውጥቶ በጣሊያንኛው «ካልቾ» ተካው። ፌዴሬሽኑ የተወለደው እዚያው ቱሪን ውስጥ፣ በ1898 ነው። ካልቾን እኛም እናውቀዋለን፤ ትርጉሙን ግን አጥብበን ነው የተቀበልነው። እኛ ዘንድ ካልቾ ጨዋታው አይደለም፤ እግሩ ነው፣ ምቱ ነው፣ በተለይም ለኳስ ታስቦ ወደ ሰው የሄደው። ማሊያ ከጣሊያን ነው፣ ታኬታም እንደዚያው፣ የአባቶቻችን ሪጎሬም። ጎልና ኮርነር ደግሞ ከእንግሊዝ። የሰፈራችን ሜዳ ላይ ስንጨቃጨቅ የምናወጣቸው ቃላት ግማሾቹ ከአዘጋጁ፣ ግማሾቹ ከአሸናፊው አገር የመጡ ናቸው። በእኛው 1988 ይህን ባውቅ ኖሮ ዳኛው ላይ የበለጠ በኩራት እጮህ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሱ። 1911፣ አሁንም በፋሲካ። ዙሪክን አልፈው በፍጻሜው ከዩቬንቱስ ጋር ተገናኙና 6 ለ 1 አሸነፉ። አዎ፣ ዩቬንቱስ። የዛሬው ዩቬንቱስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በ1897 በተማሪዎች የተመሠረተ፣ ገና አቅሙን የሚፈልግ ክለብ ነበር። ቢሆንም 6 ለ 1 ነው። ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፋቸው ዋንጫው ለዘላለም የእነርሱ ሆነ፤ ወደ መንደራቸው ይዘውት ተመለሱ። የመንደሩ ሰዎች ይህን የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ይሉታል። እኔ እንኳን ለዚህ ስም ብዙ አልሟገትም። አራት የክለብ ቡድኖች ዓለም አይሆኑም፤ የዓለም ዋንጫ የሚባለው በ1930 ኡራጓይ ላይ ነው የጀመረው። ግን አንድ መንደር 19 ዓመት ቀድሜ ሁለቴ በልቻለሁ ቢል ማን ይጎዳል?

አሁን ወደ እኔ ክፍል ደረስን። ሁለት ጊዜ አህጉር ያቋረጠ፣ በሄደበት ሁሉ ያሸነፈ ቡድን አገሩ ሲገባ ካዝናው ባዶ ነበር። ከቱሪን ሽልማት እንጂ ገንዘብ አልመጣም። ክለቡ የሚሰበሰብበት የመንደሩ ሆቴል ባለቤት ነበረች፤ ዕዳው ተደማምሮ መውጫ ሲጠፋ ዋንጫውን ለእርሷ አስያዙላት። በ40 ፓውንድ።

ዋንጫው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከመንደሩ ሰዎች እጅ ወጣ። ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ፤ ሴትዮዋም ቀዬ ለቅቃ ሊቨርፑል ሄዳ ነበር። በ1960 መንደሩ አፈላልጎ አገኛት፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ ዋንጫው በ100 ፓውንድ ተመለሰ። ይህን ሳነብ ሌላው ሰው እንባው ይመጣ ይሆናል፤ እኔ ካልኩሌተር አነሳሁ። 40 ፓውንድ በ49 ዓመት 100 ሲሆን በዓመት 1.9 በመቶ ገደማ ወለድ ነው። በመካከሉ የገንዘቡ የመግዛት አቅም ምን ያህል እንደወረደ ስታስቡት ደግሞ ሴትዮዋ ከሰረች እንጂ አላተረፈችም። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ እንደ ክፉ አራጣ አበዳሪ ነው የምትሳለው። እንደ ገንዘብ ያዥ ምስክርነቴን እሰጣለሁ፤ ከእርሷ የተሻለ አበዳሪ አላየሁም። ዋንጫውን አላቀለጠችውም፤ አልሸጠችውም። መጥተው ሲጠይቋት ነበራት።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1961፣ ዌስት ኦክላንድ ለአማተር ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በዋልትሃምስቶው አቬኑ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ዋንጫው ቤቱ ሲገባ ገድ ይዞ መጣ ሊባል ነበር፤ ለጥቂት አመለጠ።

ከተጫዋቾቹ መካከል አንዱን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ጃክ ግሪንዌል። የዚያው አውራጃ የክሩክ ልጅ፣ የቆፋሪ ልጅ፣ ራሱም ቆፋሪ። የክሩክ ታውን ተጫዋች ሆኖ ሳለ ለ1909ኙ ጉዞ ለዌስት ኦክላንድ ተውሶ ሄደ። ቱሪን ምን እንዳሳየችው እርሱ ነው የሚያውቀው፤ ከዚያ በኋላ ግን ጉድጓዱ አልያዘውም። ባርሴሎና ሄዶ ተጫወተ፤ በ1917 አሠልጣኝ ሆነና እስከ 1923 ቆየ፤ በኋላም ተመልሶ አሠልጥኗል። የዘመኑ ስመ ጥሮች ሳሚቲየርና በረኛው ሳሞራ በእርሱ ሥር ነው የተጫወቱት። ያለማቋረጥ በዚያ ወንበር ከእርሱ በላይ የቆየ አሠልጣኝ እስኪመጣ ድረስ ክለቡ ዮሃን ክራይፍን መጠበቅ ነበረበት። በ1939 ደግሞ ፔሩን ይዞ ሊማ ላይ የደቡብ አሜሪካን ሻምፒዮና በላ። በ1942 ቦጎታ ውስጥ ሞተ። ከደርሃም ከሰል እስከ ቦጎታ መቃብር። ለአንድ የፋሲካ ውድድር ተውሶ የሄደ ሰው።

ዋንጫውስ? ከተመለሰ በኋላ በመንደሩ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ተቀመጠ። በጥር 1994 ሌባ ገብቶ ወሰደው። እስከ ዛሬ አልተገኘም። አሁን ያለው አስመስለው ያሠሩት ቅጂ ነው። በሆቴል ባለቤቷ እጅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለ ጭረት የኖረ ዕቃ በባለቤቶቹ እጅ 34 ዓመት ነው የቆየው። ይህንንም በደብተር ብጽፈው ኖሮ በቀይ የጥያቄ ምልክት የማደርግበት መስመር ነበር።

የእኛን ዋንጫ አልመለስነውም። አንዳንዶቻችን ትምህርት ጨረስን፣ አንዳንዶቻችን አገር ለቀቅን፣ ሰፈሩም በልማት ፈረሰ። እትዬ ሱቃቸው ሲነሳ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ጠፍቶ ነበር። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ለአምበላችን ደወልኩ፤ አሁን ሦስት ልጆች አሉት፣ ጉልበቱንም ያመዋል። ስለ ዌስት ኦክላንድ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«እትዬ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ» አለኝ። «ባለፈው ለቅሶ ላይ አግኝቻቸዋለሁ።»

«ዋንጫው አለ?»

«አልጠየቅኳቸውም። እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ፣ 85 ብራቸውን ሳንከፍል? ወለዱስ ስንት ደርሷል አንተ ሒሳብ አዋቂ?»

በዚያች በሆቴሉ ባለቤት መጠን አሰላሁት። በ29 ዓመት 146 ብር ከ20 ሳንቲም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንሄዳለን ተባብለናል፤ አምበሉ ስኳርና ቡና ይዞ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ደብተሩን።